በእንቁጣጣሽ ያለቀስንላትን አገር በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለምን ጠላናት?

የጠባሴ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ። በከተማው ዲሽ ያላቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ በዓል ሲሆን አዳራሻችን ይሞላል። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ይሸታል፣ አረቄው ይቀዳል። አሥር ሰዓት ገደማ አንዱ ደንበኛ ጣቢያ ቀይር አለኝና ስቀይር አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ያለው ያ የሚጨሰው ሕንፃ መጣ። ፊልም የመሰላቸው ነበሩ። ሁለተኛው አውሮፕላን ሲገባ ግን ቤቱ ጸጥ አለ።

ለሆቴሉ እንጀራ የሚያቀርቡ አንዲት እናት ሒሳብ ሊቀበሉ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እኒያ ከላይ የሚወርዱት ሰዎች ናቸው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ከቡና ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። በእንቁጣጣሽ ቀን፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ለማያውቁት አገር ሰው ሐዘን ተቀመጡ። «በዓመት በዓል እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

በመጋቢት 1995 በዚያው ቤት፣ በዚያው ቴሌቪዥን፣ ባግዳድ ስትደበደብ አየን። እኒያው እናት ገቡና «ደግሞ እነዚህ ምን አደረጉ?» ብለው ጠየቁ። ሊመልስላቸው የቻለ አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የአሜሪካ ታንክ ሲቃጠል ታየና ጥግ የተቀመጠ ጠጪ አጨበጨበ። ሌሎችም ተከተሉት። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ግን ፈገግ ብያለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። «ኃያል አገር ስለሆነች ተጠላች» የሚለው መልስ አይበቃኝም። በመስከረም 1994ም ኃያል ነበረች። በዚያ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያ ቤት ምን ሆነ?


ከአረርቲ

ምቀኝነት ነው፤ ሌላ ነገር አትፈልግ። ረጅም ዛፍ ንፋስ ይበዛበታል። ሀብታምን የሚወድ ድሃ አይቼ አላውቅም። ያ ያጨበጨበው ሰውዬ ቪዛ ቢሰጡት በማግስቱ ይሄድ ነበር።


የአንኮበሯ

ልጄ ከአረርቲ፣ እንግዲያው ኖርዌይን ለምን አንጠላትም? ትልቋ ልጄ እዚያ ነው የምትኖረው። ከእኛ ጋር የሚወዳደር ሀብት አይደለም። ስዊዘርላንድንስ? የዓለም ሀብታም ገንዘቡን እዚያ ያስቀምጣል፤ ባንዲራዋን ያቃጠለ ሰው ግን አልሰማሁም። ሀብት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነሱም ድርሻቸው ይደርሳቸው ነበር።

የመጨረሻው አባባልህ ግን እውነት አለው። እኔ ራሴ በየዓመቱ ለትንሹ ልጄ ዲቪ አስሞላለሁ። አስሞልቼ ስመለስ መንገድ ላይ አሜሪካን ከሚያማ ሰው ጋር አብሬ አማለሁ። ሁለቱም እውነቴ ነው።


መንዜው

ስለ 1995 አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ኢራቅን ስትወጋ «ደጋፊዎቼ ናቸው» ብላ በዘረዘረቻቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩ። ባድመ ላይ ስንቱን ወጣት ቀብረው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ሁለቱ መንግሥታት አንድ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማንም ያላስታረቀንን አሜሪካ አስታረቀችን ብለን ስቀን ነበር። ሕዝቡን ግን የጠየቀው የለም። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ የካቲት 8 ቀን፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ የዓለም ከተሞች ሚሊዮኖች «አይሆንም» ብለው ወጥተዋል። ለንደን ሮም ማድሪድ ሁሉ ሰው ጎርፎ ነበር። ለውጥ አላመጣም። ተፈልጎ የነበረው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያም አልተገኘም።


ጡረተኛው መምህር

የጠባሴው ልጅ ጥያቄ ጥሩ ነው፤ መልሱን ግን ከባግዳድ ሳይሆን ከገበያችን ልጀምር።

በልጅነቴ ሰላ ድንጋይ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች በዱላ ሲፋለሙ አይቻለሁ። አንደኛው ገላጋይን ሁሉ ገፍትሮ ዱላውን አንሥቷል። በዚያ መካከል እንስራ ያዘለች አንዲት ልጅ «በሕግ አምላክ!» አለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት አትበልጥም። ዱላው እዚያው አየር ላይ ቆመ። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ አወረደው። ማን እንደበደለ ለመለየት ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ለማቆም ግን ያቺ ቃል በቅታለች። በዚያ ዘመን «በሕግ አምላክ» ተብሎ ዱላውን የማያወርድ ሰው ቢገኝ፣ መንደሩ የሚሸሸው ጉልበቱን ፈርቶ ብቻ አይደለም። ያ ሰው ከሰው ተራ ወጥቷል።

እኔ የሚታየኝ ኃያላን አገሮች የሚጠሉት በዚህ ነው። ሲመታ ያልተጠላ፣ ቁም ተብሎ ባለመቆሙ ይጠላል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ጃንሆይ ጄኔቫ ቆመው ያደረጉት ሌላ ምንም አይደለም። በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት «በሕግ አምላክ» ማለታቸው ነበር። ከላይ የተቀመጡ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ማኅበሩም ብዙም ሳይቆይ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ማኅበሩ የወደቀው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ሔግ ያለው የዓለም ፍርድ ቤት ኒካራጓ በከሰሰችው ክስ በአሜሪካ ላይ ፈረደ። ወደቦቿ ላይ ፈንጂ ማጥመድሽ፣ አማፂዎቿን ማስታጠቅሽ ሕገ ወጥ ነው አላት። አሜሪካ ፍርዱን አልቀበልም አለች፤ ጉዳዩ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ሲሄድም ድምፅን በድምፅ ሻረች። ቻይናም በ2008 ዓ.ም. በደቡብ ቻይና ባሕር ጉዳይ ሲፈረድባት ወረቀት ነው ብላ ጣለችው። ሩሲያም ዩክሬን በገባች ማግስት እጇን አንሥታ የዚያኑ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ሻረች። እንግዲህ አንዷን ብቻ ነጥላችሁ አትሳደቡ።


ነርሷ

እኔ የምሠራው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ይህን ክር በማታ ተረኝነት እያነበብኩ ነው።

ሰው የማያነሣውን ላንሣ። ያ ኢራቅን የወጋው ፕሬዚዳንት ጥር 20 ቀን 1995 ለምክር ቤቱ አንድ ንግግር አድርጓል። በዚያው ንግግር ውስጥ ሳዳም ከአፍሪካ ዩራኒየም ሊገዛ ሞክሯል አለ፤ ይህ በኋላ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ንግግር ውስጥ ደግሞ ለኤድስ መከላከያና ሕክምና በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ጠየቀ። አንድ አፍ፣ አንድ ምሽት።

ሥራ ስጀምር የኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኛ ወደ እኛ የሚመጣው ሊሞት ነበር። ቤተሰብ ተሸክሞ ያመጣዋል፣ ተሸክሞ ይመልሰዋል። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰው በእግሩ እየሄደ ገባና «አወቅሽኝ?» አለኝ። አላወቅሁትም። በቃሬዛ ያመጡት ሰው ነበር። በሬ ገዝቻለሁ አለኝ። እኔ ስለዚያ ፕሬዚዳንት ሲነሣ ባግዳድም ያ በሬም አብረው ነው የሚመጡብኝ። አንዱን ትቼ ሌላውን መያዝ አልቻልኩበትም።

ከዚያ ደግሞ በ2017 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት በገባበት ቀን ፈረመና የውጭ እርዳታው ቀጥ አለ። አብረውኝ የሚሠሩ የኮንትራት ሠራተኞች በዚያ ሳምንት ቤታችሁ ሂዱ ተባሉ። አንዷ ልጅ የሕመምተኞችን ቀጠሮ የምትጽፍበትን ደብተር ለማን እንደምታስረክብ ጠፍቷት ቁልፉን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ለመስጠት ማንም አላስገደዳቸውም፤ ለማቆምም መብታቸው ነው። ግን ሃያ ዓመት ያህል የተደገፉበትን ምርኩዝ ሌሊት መንጠቅ ሌላ ነገር ነው። ማንን ነው የምንጠይቀው? አቤት የሚባልበት ደጅ እኛ ጋር የለም። ምርጫው የእነሱ ነው፤ ውጤቱ እኛ ጋር ያድራል።


ከአረርቲ

እኅቴ፣ ይህን ስትጽፊ እኔም ልቤ ተነካ። ምቀኝነት ያልኩትን ግማሹን አንሥቻለሁ። ግማሹ ይቆይልኝ።


ሾፌሩ

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከደብረ ብርሃን ደሴ በአይሱዙ ስመላለስ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ጣርማበር ላይ ያለውን ዋሻ ጣሊያን በያዘን ዘመን ነው የበሳው። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የሙሶሊኒ ዋሻ ይሉታል። ከላይ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ጠባብ ነው፣ ከወዲያ የሚመጣ መብራት ካየህ ልብህ ይመታል። ግን ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያን ገደል ዞረህ ውረድ ብትባል ምን ትሆን ነበር? እኔ ስገባም ስወጣም አማትባለሁ።

ታዲያ የገረመኝ ይህ ነው። ጣሊያን እኮ በዚህ በሰሜን ሸዋ ያደረገው አይነገርም። በ1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ጨረሰ፤ ከገዳሙ ወስዶ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ የረሸናቸውም አሉ። በሚያዝያ 1931 ዘረት ዋሻ የተሸሸጉትን አርበኞች ከነሚስትና ልጆቻቸው በመርዝ ጋዝ ነው የፈጃቸው። የእኔም የእናቴ አጎት እዚያ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ዛሬ ጣሊያንን የሚጠላ ሰው አላውቅም። ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ፓስታ እንበላለን፣ የኳስ ቡድናቸውን የሚደግፉም አሉ። አሜሪካ እኛ ላይ ይህን አላደረገችም። ታዲያ ለምን ይበልጥ ስሟ ይከፋል? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው እዚህ ላይ አልሠራልኝም።


ጡረተኛው መምህር

ጋሽ ሾፌር፣ ይህን የመሰለ ጥያቄ በሠላሳ ሁለት ዓመት የማስተማር ሥራዬ አልተጠየቅሁም።

አልረሳንም። ዘረትን ያላነሣ የአገራችን ሽማግሌ የለም። ነገር ግን ጣሊያን ዛሬ ሊወጋን አይችልም። ቂም የሚያመረቅዘው የወጋው እጅ ጦሩን ገና ሲይዝ ነው። እንግሊዝን ተመልከቱ። በአያቶቻችን ጊዜ ከአሜሪካ ይልቅ የሚታማው እንግሊዝ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀመጠ፤ መልስ አልመጣም። ንጉሡ እንግሊዞቹን ያሰሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ መቅደላም የተከተለው ከዚያ ነው። (እኛ ሸዌዎች በቴዎድሮስ ላይ የራሳችን ቅሬታ አለን፤ ምኒልክን ገና ልጅ ሳሉ ማርከው ነው የወሰዱብን። ያ ግን የቤት ጣጣ ነው።) የልዑል ዓለማየሁ አፅም እስከ ዛሬ ዊንድዘር ነው። በ2015 ዓ.ም. እንኳ ይመለስልን ተብሎ ተጠይቆ ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ።

በግንቦት 1876 ደግሞ እንግሊዝ ከአጼ ዮሐንስ ጋር ዐድዋ ላይ ተዋዋለች፤ ምጽዋ በእንግሊዝ ጥበቃ ለኢትዮጵያ ንግድ ነፃ ትሁን ተባለ። ንጉሡ ሱዳን ውስጥ የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በራሳቸው ጦር አስወጡላት። ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ምጽዋ ገባ፤ እንግሊዝ ዐይኗን ጨፈነች። የቀኝ እጇ ውል፣ የግራ እጇ ፈቃድ።

ዛሬ እንግሊዝን ስናነሣ ግን ያ ሁሉ ምሬት የለም። መርከቡ ስላነሰ ነው።


የአንኮበሯ

መምህር፣ ከዚያም ይቀድማል። በ1833 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የእንግሊዝ መልእክተኛ አንኮበር መጥቶ ነበር። መድፍና ጠመንጃ ይዞ፣ ብዙ ስጦታ ይዞ። በ1834 አንጎለላ ላይ ውል ተፈራረሙ። ከዓመት በላይ በንጉሡ ማዕድ በልቶ ሄደና ወፍራም መጽሐፍ ጻፈብን። ውሉም ለሸዋ ያመጣው ነገር የለም። አያቶቼ «የፈረንጅ ውል» ሲሉ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚረሳ ማለታቸው ነበር።


መንዜው

አቤት የሚባልበት ደጅ የለም ስትሉ የእኔ ነገር ትዝ አለኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የበግ ርቢ ሥልጠና ግብዣ ደርሶኝ አንድ ኤምባሲ ቪዛ ጠየቅሁ። የማመልከቻው ዋጋ 185 ዶላር ነው፤ ቢፈቀድም ባይፈቀድም አይመለስም። ከመሐል ሜዳ በሌሊት ተነሥቼ ሄድኩ። የመሬት ይዞታ ደብተሬን፣ የባንክ ሒሳቤን፣ የልጆቼን ፎቶ፣ የበጎቼን ፎቶ ሳይቀር በአቃፊ ይዣለሁ። መስኮቱ ላይ የቆምኩት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ወጣቷ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ አቃፊውን አልነካችውም። ከዚያ አንድ ወረቀት በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለከችልኝ። ወረቀቱ ላይ ይህ ውሳኔ ይግባኝ የለውም የሚል ቃል አለ።

መከልከላቸው አይደለም ያናደደኝ። አገራቸው ነው፤ ደጃቸውን መዝጋት ይችላሉ። ግን ክፈቺው እንጂ! አቃፊው ውስጥ ያለውን አይታ «አይበቃም» ብትለኝ ኖሮ ተሳስቄ እመለስ ነበር። ደብረ ብርሃን እስክደርስ አቃፊውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር።


ከአረርቲ

ስትመለስ በጎቹን ምን አልካቸው?


መንዜው

ይግባኝ የለውም አልኳቸው።


የገበያ ሰው (ደብረ ብርሃን)

እኔ ሸቀጥ ነጋዴ ነኝ፤ ፖለቲካ አላውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ተባለ። ዶላር ወደ 57 ብር ነበረ፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ያ ውሳኔ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ጋር የመጣ ነው፤ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ነው ብድሩ። የእኔ ደንበኞች ዘይትና ሳሙና ሲገዙ የሚረግሙት አሜሪካን ነው። እውነት የእሷ እጅ አለበት ወይስ ልማድ ነው? መምህር ይንገሩን።


ጡረተኛው መምህር

ሁለቱም። ብሩን እንዲለቅ የፈረመው የራሳችን መንግሥት ነው፤ ይህ ይያዝልን። ድርጅቱን በተመለከተ ደግሞ ድምፁ በመዋጮ ነው የሚቆጠር። ታላላቅ ውሳኔዎች 85 ከመቶ ድምፅ ይፈልጋሉ። የአሜሪካ ድርሻ 16 ከመቶ አለፍ ይላል። ሒሳቡን እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ እሷ ብቻዋን እጇን ብታወርድ ታላቁ ውሳኔ አያልፍም። ይህን አካሄድ የጻፉት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ በ1936 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ኮሪያ የዘመትንላቸው ከዚያ በኋላ ነው። በእሷ ስም የማይጠራ ነገር ሁሉ ውስጥ እጇ ስላለ፣ የሌለችበትም ነገር በእሷ ይላከካል። ይህ ለእሷም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ግን የተቀመጠችበት ወንበር ዋጋ ነው።


ከጂንካ የመጣሁ

ደብረ ብርሃን ሳስተምር አራተኛ ዓመቴ ነው። ብርዱን ለምጃለሁ፤ በሶውንም እንደዚያው። ሳነብ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ልጻፍ። ከድፍረት አትቁጠሩብኝ።

በልጅነቴ «ሸዋ» የሚለው ቃል የቦታ ስም አይመስለኝም ነበር። የሹመት ስም ይመስለኝ ነበር። አያቴ ገባር ነበሩ። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ እኛ አገር የሰፈረው ወታደር ደመወዙ በብር አልነበረም፤ ሰው ተቆጥሮ ይሰጠው ነበር። ለአንዱ አምስት ገባር፣ ለአንዱ አሥር። ማሩ፣ እህሉ፣ የማገዶ ለቀማው፣ የአጥር ሥራው ሁሉ በዚያ ሒሳብ ነው። አያቴ በደል ሲደርስባቸው አቤት የሚሉት እዚያው በዳያቸው ፊት ነው። መምህር «በሕግ አምላክ» ያሉት በጣም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እኛ ጋር የዳኛው ቋንቋ ራሱ የመልከኛው ቋንቋ ነበር። አያቴ «በሕግ አምላክ» ለማለት አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር።

ስለዚህ እናንተ «ኃያል አገር ለምን ይጠላል?» ስትሉ፣ እኔ ደግሞ ጥያቄው እዚሁ ደጃችን ላይ የቆመ መስሎ ይታየኛል።


መንዜው

[በአወያዩ ሦስት መስመር ተሰርዟል]

እኛ ማንን ገዛን? ምን በላን?


አወያይ

መንዜው፣ የሰረዝኩት ስድቡን ነው፤ ሐሳብህን አይደለም። ውኃ ጠጥተህ መልሰህ ጻፈው።


ከጂንካ የመጣሁ

አልተቀየምኩም። እንዲያውም ልጨርሰው።

አምና ለጥምቀት አንድ ተማሪዬ መንዝ ቤተሰቦቹ ዘንድ ወሰደኝ። እውነቱን ልናገር፤ በልጅነቴ የሰማሁትን ጌታ ፍለጋ ነው የሄድኩት። ያገኘሁት የድንጋይ ቤት፣ ድንጋይ የበዛበት ተዳፋት ማሳ፣ በውርጭ የተመታ ገብስ ነው። አባትየው ጫማ የላቸውም። ሌሊት እናትየው አንዲት ባና ነበረቻቸው፤ ለእኔ አለበሱኝና እነሱ እሳት ዳር ተቀምጠው አደሩ። ጠዋት «በረደህ?» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። ያን ጌታ እዚያ ቤት ውስጥ ባፈላልግ አጣሁት። አያቴ ግን አልዋሹም። በእነዚህ ሰዎች ስም የሆነ ነገር እነሱ ቤት ሳይደርስ እኛ ቤት ደርሷል።


መንዜው

ሌሊቱን አልተኛሁም። ስለ ስድቡ ይቅርታ፣ ወንድሜ።

አባቴ በ1977 ድርቅ በጎቹ አልቀውበት ሁለት ልጆች ቀብሯል። የእርዳታ ስንዴ ነው ያተረፈን፤ ከረጢቱ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ነበሩ። እናቴ ከረጢቱን ሰፍታ ገብስ ሞልታ የራስጌ ትራስ አደረገችው። የዘይቱ ቆርቆሮ ዛሬም አለ፤ ጠላ እንለካበታለን። ያን ጊዜ ከተማ ውስጥ ግንቡ ላይ «የአሜሪካ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ እኛ በእጆቹ ሥዕል ላይ ተኝተን እናድር ነበር። እና አንተ «ሸዋ የገዛ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። ከዚያ ምድር ላይ ማን ገዢ ወጣ ብዬ።

ከዚያ ግን የጠባሴው ልጅ የጻፈው ታንክ መጣብኝ። ውስጡ የነበረው ልጅ ምናልባት ከአንድ ድሃ መንደር ነው። እናቱ «እኛ ማንን ገዛን?» ትላለች። እንደ እኔ። እሷም አልዋሸችም።

የማዝነው ደግሞ ሌላ ነው። አንተ እስክትነግረኝ የእኛ ስም ጂንካ ላይ እንዲህ እንደሚጠራ አላውቅም ነበር። ሃምሳ ዓመቴ ነው።


የአንኮበሯ

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ልጄ ከጂንካ፣ አንኮበር መጥተህ ካላየሁህ እቀየማለሁ። ባና ሞልቶኛል።


የጠባሴ ልጅ

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ዘገየሁ። ምክንያቱ እኒያን እንጀራ አቅራቢ እናት ፈልጌ ላገኛቸው ስለሞከርኩ ነው። ትናንት አገኘኋቸው። አሁን ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ዐይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን ለዩት።

«ያን የእንቁጣጣሽ ቀን ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። ያስታውሳሉ። አንድ ሰው ሲወርድ ኮቱ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ነበር አሉኝ። ለሰባት ቀን ስሙን ሳያውቁት በጸሎታቸው ሲያስቡት እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ባግዳድ ጠየቅኋቸው። አላስታወሱትም። «ደግሞ እነዚህ ምን አደረጉ?» ያሉትን እኔ ነገርኳቸውና ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ ምን አደረጉ?» አሉኝ መልሰው። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎ ዛሬም መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ያ ያጨበጨበውን ሰው አነሣሁባቸው፤ እኔም ፈገግ ማለቴን ጨምሬ። «ዝም ትል ነበር» አሉኝና ስለ እንጀራ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።


ሾፌሩ

ይህን ያነበብኩት ደብረ ብርሃን ናፍጣ እየቀዳሁ ነው። ከላይ ማታ የመጣ ሰው ካለ፣ ጣርማበር ጉም አለው ወይ? ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ልነሣ ነው።


ነርሷ

ጋሽ ሾፌር፣ እኔ ከደብረ ሲና ማታ ነው የወጣሁት። እጅን የማያሳይ ጉም ነው። ዋሻው በር ላይ አንድ ተሳቢ ቆሟል፤ ከመግባትዎ በፊት ጥሩንባ ይንፉ።